ያልታወቀ ምንጭ

ከዚህ በታች ያለው ምልልስ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ እስከ ሳሪስ ባሉት የሞባይል ሱቆች ከሚሰማው ክርክር ተጨምቆ የተቀነባበረ ነው። ተናጋሪዎቹ ሁለት የጀሞ ሰዎች ናቸው። ጡረተኛው ዕድሜያቸውን በስልክ መስመር ሥራ የጨረሱ ቴክኒሻን፣ ዛሬ ደግሞ የኮንዶሚኒየሙ ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ጠጋኙ ቀን ስልክ ይጠግናል፣ ማታ ኮድ ይጽፋል፤ የዕድሩን መዋጮ የምትከታተል ትንሽ የአንድሮይድ አፕ ሠርቷል። የተከራከሩት አፗ ወደ አባላቱ ስልክ በምን መንገድ ትግባ በሚለው ነው።

ጠጋኙ፦ ጋሼ፣ አፗ አልቃለች። መጫኛ ፋይሏን፣ ኤፒኬውን፣ የዕድሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልልቀቀው? ትንሽ ናት፤ የማንንም ጥቅል አትበላም።

ጡረተኛው፦ ብትለቀውስ? አባላቱ ምን ያደርጋሉ?

ጠጋኙ፦ ይነኩታል። ስልኩ ያስጠነቅቃቸዋል። ሴቲንግ ገብተው ካልታወቀ ምንጭ እንዲጭን ለቴሌግራም ይፈቅዱለታል፤ አለቀ።

ጡረተኛው፦ እንግዲያው አትልቀቅ።

ጠጋኙ፦ ምነው ጋሼ?

ጡረተኛው፦ ከአባላቱ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው ከዐረብ አገር የሚልኩላቸው ገንዘብ እዚያው ስልካቸው ውስጥ ነው ያለው። ዛሬ እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ሆኜ «ማስጠንቀቂያውን ዝም ብላችሁ እለፉት» ካልኳቸው፣ ነገ አንዱ «የባንክዎ አዲስ አፕ ነው» ብሎ ሲልክላቸው እንዴት እንደሚታለፍ ከእኔ ተምረው ይጠብቁታል።

ጠጋኙ፦ እሱን አልክድም። እንዲህ ያለ ስልክ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። አጭር መልእክት የሚያነብ አፕ ተጭኖበት፣ ባለቤቱ የማረጋገጫ ቁጥሩን (ኦቲፒውን) ሳያየው ሌላ ሰው አይቶት። ግን ምን ላድርግ? ፕሌይ ስቶር ላስገባት ሞክሬ ነበር እኮ። መመዝገቢያው 25 ዶላር ነው፤ አንዴ ብቻ ነው የሚከፈለው፣ ግን በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ ቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበትን የካርድ ዓይነት ደግሞ አይቀበሉም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት 25 ዶላር በባንክ ዋጋ 1,500 ብር አይሞላም ነበር። አሁን ከ3,000 በላይ ነው።

ጡረተኛው፦ እሱን ዕድሩ ይከፍለዋል።

ጠጋኙ፦ ይክፈል፤ ካርድ ያለው ዘመድም ይገኝ። ከዚያስ? እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 አጋማሽ ወዲህ የግል አካውንት የከፈተ ሰው አፑን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀን መመዝገብ አለባቸው። መጀመሪያማ 20 ነበር፤ ሲጮህባቸው ቀነሱት። እያንዳንዱ ሞካሪ የራሱ ጂሜይል ሊኖረው ነው። የገዛ ጂሜይሉን የይለፍ ቃል የሚያውቅ 12 ሰው እዚህ ሰፈር ከየት ላምጣ?

(ይህ ለቀልድ የተባለ አይደለም። ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ የሱቁ ልጅ ነው። ባለቤቱ ፓተርኑን ረስቶ ሪሴት ያስደረገ ቀን ስልኩ «የቀድሞውን አካውንት አስገባ» ይለዋል። የሌባ መከላከያ ተብሎ የገባው ቁልፍ የሚቆልፈው ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ነው፤ የጂሜይል ሎክ መክፈት ለጠጋኞች ራሱን የቻለ ገቢ ሆኗል።)

ጡረተኛው፦ እሺ፣ ስቶሩ ይቅር። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ልጆቻቸው ባሉበት ባስጭናቸውስ?

ጠጋኙ፦ ያችኛዋም መንገድ ልትጠብ ነው። ነሐሴ 19 ቀን 2017 ጉግል ያወጣውን አልሰሙም? ሠሪው ማንነቱን እኛ ዘንድ ያላስመዘገበ አፕ የእኛ ማረጋገጫ ባለው የአንድሮይድ ስልክ ላይ አይጫንም አለ። ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚታደለውም ጭምር። ሕጋዊ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ የመንግሥት መታወቂያ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2026 ብራዚል፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሲንጋፖርና ታይላንድ እንዲጀምሩ፣ ከ2027 ጀምሮ ደግሞ ሌላው ዓለም እንዲከተል ቀጠሮ ይዟል።

ጡረተኛው፦ ምክንያቱስ?

ጠጋኙ፦ ደኅንነት። ከኢንተርኔት በቀጥታ በሚወርዱት አፖች ላይ ያገኘነው ተንኮለኛ ሶፍትዌር ፕሌይ ስቶር ካለው ከ50 እጥፍ በላይ ነው አሉ። ቆጣሪውም እነሱ፣ ባለሱቁም እነሱ።

ጡረተኛው፦ ቆጣሪው ባለሱቅ ስለሆነ ቁጥሩ ሐሰት ነው አይባልም። አንተ ራስህ አሁን ምን አልከኝ? እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው የተዘረፈ ስልክ አፑን ያገኘው ከየት ነው?

ጠጋኙ፦ ከቴሌግራም።

ጡረተኛው፦ በቃ። ደግሞ መታወቂያ ማሳየት ምን ነውር አለው? ሲም ካርድ ሳወጣ አሳይቻለሁ። ለፋይዳ መታወቂያ ስንመዘገብ ዓይናችንን ሳይቀር ሰጥተናል። ሠርቶ የሚያድል ሰው ስሙን ቢናገር ምን ይጎድልበታል?

ጠጋኙ፦ ስም መናገሩ አይደለም፤ ለማን ነው የምናገረው? ሲም ያወጡት የቴሌን መስመር ፈልገው ነው። እኔ ጉግልን ምን ጠየቅሁት? ሱቁ ውስጥ መደብ አልፈለግሁም። አፗ ከእኔ ስልክ ወደ እርስዎ ስልክ በብሉቱዝ የምትሄድ ናት። ስልኩ የእርስዎ፣ አፗ የእኔ፣ ፈቃዱ የሁለታችን። ሦስተኛው ሰው ከየት መጣ?

ጡረተኛው፦ ስልኩን የሚያንቀሳቅሰውን ሥርዓት እሱ ሠራዋ።

ጠጋኙ፦ ሠርቶ ሸጠ። ከሸጠ በኋላም እንደ ኮንዶሚኒየማችን ጥበቃ እንግዳዬን በሩ ላይ አቁሞ መታወቂያ ሊጠይቅልኝ ፈለገ፤ ልዩነቱ የኛን ጥበቃ ቀጥረን የምናሰናብተው እኛ መሆናችን ነው።

ጡረተኛው፦ እንዲህ ስትል አንድ የቆየ ታሪክ ታስታውሰኛለህ። በእኛ ሙያ የታወቀ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ከራሱ ዕቃ በቀር በመስመሩ ላይ ምንም ነገር እንዲያያዝ አይፈቅድም ነበር። ሰበቡ ያው ነው፤ መስመሩ ይጎዳል፣ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ይያዛል። ቶማስ ካርተር የሚባል የቴክሳስ ሰው የመገናኛ ሬዲዮን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ ሠራ፤ ስሙንም ካርተርፎን አለው። ኩባንያው አይሆንም አለ። ነገሩ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ዘንድ ቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ኮሚሽኑ ለካርተር ፈረደ። መስመሩን እስካልጎዳ ድረስ የሌላም ሰው ዕቃ ይያያዝ አለ።

ጠጋኙ፦ ኩባንያውስ ዝም አለ?

ጡረተኛው፦ ኩባንያ መቼ ዝም ይላል? «እሺ ያያይዙ፤ ግን በመካከሉ የእኛ መከላከያ ዕቃ ይግባ፣ ኪራይም ይክፈሉ» አለ። ክርክሩ ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ኮሚሽኑ የራሱን መለኪያ አወጣ። ዕቃህ መለኪያውን ካለፈ ይመዘገባል፤ ከዚያ ገዢው ወስዶ ይሰካዋል፤ የኩባንያውን ደጅ አይጠናም። መልስ ሰጪው ማሽን፣ ፋክሱ፣ ሞደሙ እንደ ልብ ቤት የገቡት በዚህ ነው። አየህ፣ ምርመራ አልቀረም። የቀረው ተፎካካሪህ መርማሪህ መሆኑ ነው። እኔም ጉግል ላይ የሚከነክነኝ ይኸው ብቻ ነው። በስቶሩ ከሚሸጠው ላይ እስከ 30 በመቶ ሲቆርጥ የኖረ ድርጅት፣ ከስቶሩ ውጭ ያለውን ሰው መዝጋቢ ልሁን ሲል ሁለት ባርኔጣ ደርቧል።

ጠጋኙ፦ ይኸን ዳኞቹም አይተውታል። ኤፒክ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ጉግልን ከሶ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ጁሪ ፈርዶለታል፤ በ2025 ይግባኝ ሰሚውም አጽንቶታል። ግን ጋሼ፣ ካርተርፎንን እዚህ አገር ያምጡልኝ። እዚህ መርማሪው ማን ይሁን ነው የሚሉት? መንግሥት?

ጡረተኛው፦ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመ። ወደ አገር የሚገባ ስልክ ዓይነቱ ተመርምሮ የሚጸድቀው እዚያ ነው።

ጠጋኙ፦ እሱን ካነሱማ እኔም ላንሳ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ 761/2004 ሲወጣ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ወንጀል አደረገ። ስካይፕ የተጠቀመ ይታሰራል ተብሎ አገር ታመሰ፤ በኋላ ተራ ተጠቃሚን አይመለከትም ተባለ። በ2010 መጀመሪያ ደግሞ ስልክ ማስመዝገብ መጣ። ያልተመዘገበ ስልክ ኔትወርኩ ላይ አይሠራም። ወንድሜ ከውጭ የላከው ስልክ፣ ዋጋው ተከፍሎ፣ እጄ ላይ ድንጋይ ሆኖ የሚቀር። በኋላ ተነሳ እንጂ። የካቲት 2 ቀን 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ የተለቀቁት ሐምሌ ላይ ነው። ያኔ ገደቡን የሚያሳልፉት ሳይፎንና ሌሎቹ ቪፒኤኖች ከስልክ ስልክ ፋይል በሚልከው በዜንደር ነበር የሚተላለፉት። ጂሜይል የሌለው፣ ዳታ የሌለው፣ ተማሪው፣ ባለታክሲው። መርማሪው መንግሥት ቢሆን ኖሮ ያን ሰሞን የትኛው ቪፒኤን ይመዘገብ ነበር?

ጡረተኛው፦ አንድም።

ጠጋኙ፦ ጉግል ቢሆንስ? መንግሥታት አንድ በር ካገኙ ትእዛዝ የሚልኩት ለአንድ በር ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ቪፒኤኖችን ከቻይና ስቶሩ አውጥቷል። በ2021 ሩስያ ውስጥ ምርጫ ሲደርስ የተቃዋሚውን የናቫልኒን አፕ አፕልም ጉግልም አንስተዋል። አንድሮይድ ላይ ግን ኤፒኬውን ከሌላ ቦታ አውርዶ መጫን ይቻል ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው።

ጡረተኛው፦ ቆይ፣ እኔም አንድ ልጨምርልህ፤ ያኔ በዜንደር የተቀባበላችሁትን ቪፒኤን ሁሉ ማን ፈተሸው? የቪፒኤን ባለቤት የስልክህ ትራፊክ በሙሉ በእጁ ነው የሚያልፈው። በካናዳ ያለው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ያወጣውን አስታውስ። በውጭ ላሉ የተቃውሞ ሰዎችና ጋዜጠኞች ኢሜይል ይላካል፤ ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽ አድስ ይላቸዋል፤ የሚጫነው ግን ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ጥናቱ ዘመቻውን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አያይዞታል። ተጠቂው በገዛ እጁ ጫነው። ያልታወቀ ምንጭ ማለት ይህም ነው።

ጠጋኙ፦ እሱን ያደረገው ገንዘብ የሞላው አካል ነው ጋሼ። 25 ዶላርና መታወቂያ ያቆመዋል? የሰው መታወቂያ ገዝቶ ይመዘገባል። የሚቆመው እኔ ነኝ።

ጡረተኛው፦ ሁሉንም ባያቆም ዋጋውን ያስወድድበታል። አንድ ስም ሲቃጠልበት ሌላ መግዛት አለበት። ለጎዳና ሌባ ይህ ቀላል አይደለም።

(እዚህ ላይ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጉዳዩ አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ነው። የእኔ ሚዛን ግን ወደ ጠጋኙ ያደላል። ምክንያቴ ቀጥሎ የሚለው ነው።)

ጠጋኙ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በስልክዎ አማርኛ መጻፍ የጀመሩት መቼ ነው?

ጡረተኛው፦ ልጄ ኪቦርድ የጫነችልኝ ጊዜ።

ጠጋኙ፦ ፊደላችን በስልክ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታይ የነበረበትን ጊዜ አይረሱትም። አይፎን እ.ኤ.አ. እስከ ሴፕቴምበር 2014፣ አይኦኤስ 8 እስኪወጣ፣ የሌላ ሠሪ ኪቦርድ አይቀበልም ነበር። አማርኛ የፈለገ አንዱ አፕ ውስጥ ጽፎ፣ ኮፒ አድርጎ፣ ሄዶ መለጠፍ ነበረበት። በዚያው ዘመን አንድሮይድ የያዘው ኪቦርዱን ከጓደኛው በብሉቱዝ ተቀብሎ በአማርኛ ይጻጻፍ ነበር። ኩፐርቲኖ ያለው የአፕል መሐንዲስ ክፉ ስለሆነ አይደለም። እኛ በሐሳቡ አልነበርንም። በሩ ክፍት የሆነበት ስልክ ላይ ግን በሐሳቡ መኖር አላስፈለገንም፤ ራሳችን ሠርተን ራሳችን ጫንን። የመጽሐፍ ቅዱሱ፣ የውዳሴ ማርያሙ፣ የቁርኣን ትርጉሙ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥያቄው፣ በየመንደሩ ስማቸውን ባልጻፉ ልጆች ተሠርቶ ነው ከእጅ እጅ የሄደው። እነዚያ ልጆች መታወቂያ ልከው፣ በዶላር ከፍለው፣ በእንግሊዝኛ ቅጽ ሞልተው ይሠሩት ነበር? ግማሾቹ እንኳ አይሠሩትም ነበር።

ጡረተኛው፦ ይኸ ክርክርህ ከቪፒኤኑ ይበልጣል።

ጠጋኙ፦ አይፎን ላይማ ዛሬም ያው ነው። ኤፒኬ የሚባል ነገር የለም። ለሠሪው በዓመት 99 ዶላር። አውሮፓ ኅብረት በሕግ ስላስገደደው እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ እዚያ ሌላ ስቶር መጫን ይቻላል። ፍራንክፈርት ያለች የአባላችን ልጅ ትችላለች። ያንኑ ስልክ ይዛ ጀሞ መጥታ ከ30 ቀን በላይ ከቆየች ግን ከሌላው ስቶር የጫነችውን ማደስ አትችልም። ስልኩ አልተለወጠም፤ የቆመችበት መሬት ነው የተለወጠው።

ጡረተኛው፦ እዚያ ሕግ አለ፤ እዚህ የለም። አየህ፣ እንደ ሸማች ብቻ ስትጮህ አይሰሙህም።

ጠጋኙ፦ ትንሽ ግን ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ነጻ ሶፍትዌር የሚያድለው ኤፍ-ድሮይድ ይህ ደንብ ከጸና መቀጠል አልችልም ብሎ ጮኸ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በኖቬምበር 2025 ጉግል ለዘብ አለ። አደጋውን አውቆ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ያልተመዘገበውን የሚጭንበት መንገድ አበጃለሁ፣ ለተማሪና ለትርፍ ጊዜ ሠሪም ቁጥሩ በተወሰነ ስልክ ላይ የሚያድልበት የተለየ አካውንት እሰጣለሁ አለ።

ጡረተኛው፦ ታዲያ ጥያቄህ ተመለሰልህ።

ጠጋኙ፦ የሰጠ እጅ ነገ ይነሳል። ቀድሞ መብቴ የነበረውን አሁን በልግስና ነው የማገኘው።

ጡረተኛው፦ ስማኝ፣ ለዕድሩ ነገር እንወስን። የምልህን አድርግ። አፗን በድረ ገጽ መልክ ሥራት፤ በስልካቸው ብሮውዘር ይክፈቷት፤ የስቶርም የኤፒኬም ጣጣ የለባትም። ስማርት ስልክ ለሌለው የመዋጮው ማስታወሻ በአጭር መልእክት ይሂድ። ኤፒኬውን ግድ የሚል ካለ እዚህ ሱቅ ይምጣ፤ ፊቱ ጫንለት፣ ስትጨርስ ያበራኸውን ፈቃድ ፊቱ አጥፋው። ግሩፕ ላይ ፋይል አይለቀቅ። ይህ በቃለ ጉባኤ ይገባል።

ጠጋኙ፦ ድረ ገጽ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን አትከፈትም፤ ለቀስተኛ የሚጠራው ደግሞ እንዲያ ባለ ቀንም ነው። ግን እሺ፤ ለጊዜው ይሁን። ጉባኤው ላይ ቴሌብር ውስጥ እናስገባት የሚሉም አሉ፤ ለእነሱስ ምን ይላሉ?

ጡረተኛው፦ እንዴት ተብሎ?

ጠጋኙ፦ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሲጀመር ገንዘብ ማስተላለፊያ ነበር፤ *127# ደውለው የሚገቡበት። አሁን ሱፐርአፕ ነው። በውስጡ የሌሎች ሠሪዎች ሚኒ አፖች አሉ። ስቶር ውስጥ ያለ ስቶር ሆኗል። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ብር አይቀዳም፤ ባለታክሲው የክፍያ አፕ ከመያዝ ሌላ ምርጫ የለውም። ብዙ ሰው በግድ የሚያልፍበት በር ሲሆን ደግሞ፣ ማን ሚኒ አፕ ሆኖ ይግባ፣ በምን ዋጋ፣ ማን ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ባለበሩ ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ስልክ ላይም ፓልም ስቶር ተጭኖ ይመጣል፤ ገዢው አልጠየቀውም። ጉግልን ብቻ ብንወቅስ ጉዳዩን ግማሹን ነው ያየነው።

ጡረተኛው፦ ይህን እኔም አልክድህም። የቴሌብር ባለቤት ቴሌ የቀድሞ ቤቴ ነው፤ ግን የካርተርን ታሪክ ለአሜሪካኖች ብቻ አላወራሁልህም። ደንቡ በጽሑፍ ይውጣ፣ ዋጋው ለሁሉም አንድ ይሁን፣ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ ይነገረው፣ ይግባኝ የሚልበት ሌላ ቦታ ይኑረው። ለጉግልም ለአፕልም ለቴሌብርም ያው ነው።

ጠጋኙ፦ የት ይግባኝ ይባላል?

ጡረተኛው፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 የገበያ የበላይነትን ያላግባብ መጠቀም ይከለክላል። አስፈጻሚው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። አዋጁን ለሲሚንቶና ለዘይት ብቻ የወጣ ያደረግነው እኛ ነን። ኬንያን ተመልከት። የዲጂታል ብድር ድርጅቶች ሰውን ሲያዋርዱ ማዕከላዊ ባንኳ ፈቃድ አውጡ አለ፤ ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ኬንያ ውስጥ የፈቃድ ማስረጃ ያላቀረበን የብድር አፕ ከስቶሩ አገደ። ናይሮቢ ጠየቀች፣ ስቶሩ ታዘዘ።

ጠጋኙ፦ እኛስ ምን እንጠይቅ? መንግሥት መዝጋቢ ይሁን ካሉኝ ወደ የካቲት 2015 መለሱኝ።

ጡረተኛው፦ አልልም። መዝጋቢ አይሁን፤ ሙግተኛ ይሁን። የጉግል ቀጠሮ ለእኛ እ.ኤ.አ. 2027 ወይም ከዚያ በኋላ ነው፤ ጊዜ አለ። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ የስልክ ዓይነት ሲያጸድቅ ከፋብሪካውና ከጉግል ጋር የሚነጋገርበት ወንበር አለው። ይናገር። ማስጠንቀቂያው ይኑር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም በግልጽ ይጻፍ፣ ለእናቶች ስልክ በጥብቅ የሚዘጋ ምርጫም ይኑር። አንብቦ ተረድቶ ልጫን ያለውን የስልኩን ባለቤት ግን ጉግልም መንግሥትም የሚያግደው አይሁን። መመዝገብ የፈለገ ሠሪ ደግሞ በፋይዳው ይመዝገብ፣ በብር ይክፈል። እናንተ ኮድ የምትጽፉ ልጆችም እርስ በርሳችሁ በቴሌግራም ከመማረር ተፈራርማችሁ ደብዳቤ አስገቡ። ሚኒስቴሩም ባለሥልጣኑም ያሉት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ካርድም ቪዛም አይጠይቁም።